በአንድ ካርድ ሁለት እናት

የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ለቆጠራ ቅረቡ የተባሉ ዕለት፣ እኛ ሰፈር ቤቱ የቀረ ድመት ብቻ ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁ። እስቲ ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው።

ጎረቤቴ ሣህሉ የማዘጋጃ ቤቱ የእሳት አደጋ መኪና ሾፌር ነው። ድሬ ደግሞ ሙቀቷ እሳትን የሚያስንቅ፣ እሳት ግን ብዙም የማይነሳባት ከተማ ስለሆነች፣ ሣህሉ አብዛኛውን ቀን ያቺን ቀይ መኪና ሲያጥብ ነው የሚውለው። ከመታጠብ ብዛት ቀለሟ ሳስቷል። እሱ ግን ከሚስቱ ከየሺአረግ እኩል ይወዳታል። የሺአረግ «እኩል» የሚለውን አትቀበልም፤ ትበልጠኛለች ባይ ናት።

ሠራተኞቹ የሕክምና መረዳጃ የሚሉት ነገር አላቸው። በየወሩ ከደመወዛቸው ትንሽ ትቆረጣለች፣ መሥሪያ ቤቱም የዚያኑ ያህል ይጨምራል፣ ከዚያ ሠራተኛው ወይ ቤተሰቡ ሲታመም ካርዱን ይዞ ሄዶ መታከም ነው። ደግ ነገር ነው። እኔ ልብስ ሰፊዋ ስታመም ይዤ የምሄደው ወገቤን ብቻ ነው።

ታዲያ በዚያ ዓመት መድኃኒቱ ተወደደ፣ አልጋው ተወደደ፣ ራጁ ተወደደ። መረዳጃው ሊራቆት ደረሰ። መሥሪያ ቤቱም፣ «የእኔ እጅ ከዚህ በላይ አይዘረጋም፤ ጭማሪውን እናንተ ተካፈሉት» አለ። መካፈል የሚሉት ነገር ቅርጫ ሲሆን ያፋቅራል፣ ወጪ ሲሆን ግን ወንድማማች ያናክሳል። ግማሹ «ሁላችንም እኩል እናዋጣ» አለ። ግማሹ «ደመወዙ የወፈረ ይክፈል፣ የቀጠነ ይማር» አለ። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው ግን የመዝገብ ቤቱ ድሪዬ ነበር።

ድሪዬ ላጤ ነው። በዚያ ሙቀት ከረባት የሚያስር ሰው ነው ካልኳችሁ ሌላ ምንም መጨመር አያስፈልገኝም። አይሻ በምትባለው የባቡር ጣቢያ፣ አክስቱ ዘንድ አድጎ፣ ተምሮ ነው ወደ ድሬ የተመለሰው። እናትም አባትም የሉትም፤ ካርዱ ላይ ከራሱ ስም በታች ነጭ ወረቀት ነው። ስብሰባው ላይ ተነሳና፣ «ጓዶች፣ እኔ የምታመመው በአንድ አፍ ነው። የሌላ ሰው ስምንት አፍ ስለምን አሳክማለሁ? ጭማሪው በቤተሰብ ቁጥር ይሁን፤ ባለ ብዙ አፍ ብዙ ይክፈል» አለ። ላጤዎቹ አጨበጨቡ። ባለ ልጆቹ ጠረጴዛ ደበደቡ።

ሊቀመንበሩ ጓድ ሀብተ ማርያም ይባላል፤ በቅርቡ ከደጋ ተዛውሮ የመጣ የሒሳብ ሹም ነው። ጨዋ ሰው ነው፣ ዘበኛውንም ጽዳቱንም አንቱ ይላል። የድሬ ሰው አንቱ ሲባል ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ ያያል። እሱም ካሰበ በኋላ፣ «በየትኛውም መንገድ ብንካፈል፣ መጀመሪያ ስንት እንደሆንን እንወቅ። እሑድ ጧት እያንዳንዳችሁ በካርዳችሁ ላይ ያለውን ቤተሰብ በአካል ይዛችሁ ቅረቡ። ያልቀረበ ይሰረዛል። ደንቡ የሚያውቀው ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ አንድ እናትና አንድ አባት ብቻ ነው» አለ።

ሰውዬው እንዲህ ብል ሕዝቡ ይቀንስልኛል ብሎ ነበር። ድሬን ገና አላወቃትማ።

ሣህሉ ያን ዕለት ከሥራ ሲመለስ ሰላም ሳይለን አለፈ። የሺአረግ በር ላይ ምስር ትለቅም ነበር። እኔ ደግሞ ስፌት ይዤ ከእሷ ጎን ነበርኩ።

«ምነው፣ መኪናዋ አመማት?» አለችው።

«ሆዮን ሊሰርዟት ነው» አላት።

ሁለታችንም እጃችንን ሰበሰብን።

ሆዮ በሱማልኛ እናት ማለት ነው፤ ሣህሉ ፋርቱንን እንዲያ ነው የሚጠራት። ፋርቱን እኛው ግቢ፣ ከበሩ አጠገብ ያለችው ክፍል ውስጥ የምትኖር፣ የፍየል ወተት የምትሸጥ ሴት ናት። ሣህሉ ሲወለድ እናቱ አስካለማርያም ትኩሳት ጥሏት ወተቷ ደረቀ። ፋርቱን በዚያው ሰሞን የወለደችው ልጅ ሞቶባት ነበርና፣ ወተቷ ልብሷን እያራሰ ታለቅስ ነበር አሉ። ሕፃኑን ብድግ አድርጋ ወሰደችው፤ እስኪሮጥ ድረስ አጠባችው። እንግዲህ ሣህሉ አፉን የፈታ ጊዜ አንዷን እማዬ፣ አንዷን ሆዮ ብሎ ፈታ። የመረዳጃው ካርድ ሲሞላም «የጡት እናት» የሚል ቦታ የለውም፤ እናት፣ እናት ብሎ ሁለቱንም አስጻፈ። ዕድሜውን ሙሉ ሁለት እናት ይዞ የኖረ ሰው፣ አንድ ብቻ ያለው ሰው መኖሩንም የሚያስታውስ አይመስለኝም።

አሁን ችግሩ የፋርቱን ዓይን ነው። ሞራ ወጥቶበት ፀሐይና ጥላ ከመለየት በቀር ሌላ አያሳያትም። ፍየሎቿን በእጇ እየዳበሰች ታልባለች፤ አንዳንዴ የጎረቤት ፍየል አልባ ትመጣና ሰፈር ያስታርቃል። የዓይን ሐኪም በዓመት አንዴ ከአዲስ አበባ በባቡር ይመጣል። አምና አይቷት፣ «ዘንድሮ ይብሰል፤ ከርሞ ግን ካለፈ እኔም አልችለውም» ብሏት ሄዷል። ከርሞው ደረሰ፤ የሐኪሙ መምጫ ከቆጠራው ቀጥሎ ያለው ሳምንት ነው፣ ተራዋም ተይዟል፣ የተያዘው ግን በሣህሉ ካርድ ነው። ከካርዱ ወጣች ማለት ብርሃኗም ወጣ ማለት ነው። ከኪሱ እንዳይከፍል፣ የሣህሉ ኪስ ከመሐረብ ሌላ የሚያድርበት የለም።

«መላ አለው» አለች የሺአረግ፣ ምስሩን ወደ ጎን ገፍታ። «እሑድ እማዬ ቤት ትቅር። ሆዮ ትቅረብ። እናት የትኛዋ ናት ሲሉ ይቺ ናት ማለት ነው። ውሸት የለበትም።»

አስካለማርያም ከጓዳ ሆና ሰምታ ኖሯል። ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች።

«እኔ ነኝ የምቀረው? እኔ ዘጠኝ ወር ተሸክሜ ያማጥኩት?»

ሣህሉ መሬት መሬት አየ።

አስካለማርያም ብዙ ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። ግን ፋርቱን በዚያች ሰዓት በሩ ሥር ተቀምጣ የፍየሏን ጆሮ በጣቷ እየለካች፣ የሷ መሆን አለመሆኗን ስታጣራ አየቻት። አፏን ዘጋች። ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «መቼም የኔ ዓይን ደህና ነው» አለች። «ለአንድ ቀን ያልወለድኩት ልሁን። ከዚያ በኋላ ግን ማንም አይጠይቀኝ፣ እኔው ነኝ የወለድኩት።»

ነገሩ በዚህ አለቀ። አለቀ ብለን ነበር።

እሑድ ጧት ሣህሉ ለተሰብሳቢው ውሃ እንዲያቀርብ ስለታዘዘ ቀይዋን መኪና ይዞ ግቢያችን በር ላይ ቆመ። ሦስቱ ልጆች ዘለው ወጡ። የሺአረግ ከታይዋን ገበያ የገዛችውን የናይለን ቀሚስ ለብሳ፣ ሙቀቱ ገና በጧቱ ከጀርባዋ ጋር አጣብቆላት፣ እንዳይጨማደድ ቆማ ነው የምሄድ ብላ ቆመች። ፋርቱን አዲስ ድሪያ ለብሳ፣ ሽቶ ተርከፍክፋ፣ ከሾፌሩ ጎን ተሰየመች። እኔ በማንም ካርድ የለሁበትም። ነገር ግን ፋርቱንን እጇን ይዞ የሚመራ ሰው ያስፈልጋል አልኩ።

«አምስት ሰው አለን እኮ፣ እትዬ ማዘንጊያ» አለችኝ የሺአረግ።

አልሰማኋትም። ወጣሁ።

አስካለማርያም በሩ ላይ ቆማ እጇን አጣጥፋ ሸኘችን። ፊቷን አይቼ፣ ይቺ ሴት ዛሬ ግድግዳውን ትበላዋለች አልኩ በሆዴ።

የደቻቱን ድልድይ ስንሻገር ልጆቹ የመኪናዋን ደወል ደወሉት። እሳት የተነሳ የመሰለው ሁሉ ባልዲ ይዞ ተከተለን። የሚቃጠለው ምን እንደሆነ ሳያውቁ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ በር መጡ፤ ከመጡ በኋላ ደግሞ ማን ይመለሳል? ግቢው ውስጥ የነበረውን ሰው ብታዩ። ሚስት ከነልጆቿ፣ አማት ከነእህቷ፣ በጋሪ የመጣ ሽማግሌ፣ በቃሬዛ የመጣ ሽማግሌ። ሳምቡሳ ሻጩ ዘይቱን በሩ ላይ ጥዷል፤ በረዶ ያለው የሎሚ ውሃ የሚሸጠው ባለ ጋሪ ድምፁ ዘግቷል። ማንም ያልጠራው የቀበሌው ኪነት ቡድን ከነከበሮውና ከነአኮርዲዮኑ መጥቶ ጥላውን ያዘ። ሕዝብ ባለበት እኛ ካልተገኘን ምን ልንሠራ ተቋቋምን አሉ።

ጓድ ሀብተ ማርያም ዛፍ ሥር ጠረጴዛ አስዘርግቶ፣ ድሪዬን ስም ጠሪ አድርጎ ተቀምጧል። ላቡ በጆሮው ይወርዳል። በዚያች ሰዓት አንዱ ጠራጊ አንዲት ወይዘሮ አቅርቦለት ነበር።

«እኚህስ ምንዎ ናቸው?»

«አዋላጃችን ናት። ልጆቼን ሁሉ የተቀበለች እሷ ናት።»

«እኮ፣ ቤተሰብ አይደሉማ።»

«ካልሆነች ታዲያ ምናችን ናት?» አለ ጠራጊው፣ ከልቡ ግራ ገብቶት። ሊቀመንበሩ መሐረቡን አውጥቶ አንገቱን ጠረገ።

የእኛ ተራ ደረሰ። ልቤ ሲመታ ፋርቱን በእጄ በኩል ሰማችው መሰለኝ፣ «ማዘንጊያ፣ አንቺ ነሽ እንዴ የምትታከሚው?» አለችኝ።

ድሪዬ ከረባቱን አስተካከለና በመዝገብ ቤት ድምፁ፣ ቀጠን አድርጎ ማንበብ ጀመረ። የሺአረግ፣ አለች። ልጆቹ አንድ በአንድ፣ አሉ። «እናት፦ ፋርቱን።»

«አለች» አለ ሣህሉ፣ ፈጠን ብሎ።

ጓድ ሀብተ ማርያም ብዕሩን አነሳ። ብዕሩ ወረቀቱን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ከበሩ በኩል፣ «ሣህሉ! ልጄ!» የሚል ድምፅ መጣ።

አስካለማርያም ናት። ነጭ በነጭ ለብሳ፣ በፈረስ ጋሪ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ነጠላዋን እያውለበለበች። ጋሪው የሕዝቡን መሐል ሰንጥቆ መጣና ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ። የሺአረግ በመዳፏ ፊቷን ሸፈነች።

«እማዬ፣ ምን አልን?» አላት ሣህሉ ከጥርሱ መሐል።

«ከበሮው ደቻቱን ተሻግሮ ቤቴ ድረስ እየመጣ እንዴት ብዬ ልቀመጥ?» አለች። «ሰፈሩ ውስጥ እኮ አንድ የማዋየው ሰው አጣሁ። ደግሞ ለማየት ነው የመጣሁት። ማንም አላውቅም።»

ልጄ ብላ ከጮኸች በኋላ ነው እንግዲህ ማንም አላውቅም ያለችው።

ድሪዬ ካርዱን ገልብጦ አየ። ጨዋታ ያገኘ ሰው ፈገግታ ፈገግ አለ። «እናት፦ አስካለማርያም። እናት፦ ፋርቱን። ጓድ ሣህሉ፣ አንተ ስንት ጊዜ ነው የተወለድከው?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሣህሉ ግን አልሳቀም፤ የጡቱን ነገር፣ የትኩሳቱን ነገር፣ የዓይኑን ነገር እየተንተባተበ ተናገረ። ጓድ ሀብተ ማርያም ጨርሶ ሰማው። ጨዋ ሰው ነው አላልኳችሁም? ፊቱ ላይ ሐዘኔታ ነበረ። ሐዘኔታው ግን ደንቡን አያሻሽልም።

«ጓድ ሣህሉ፣ ይገባኛል» አለ። «ግን ለእርስዎ ሁለት ካደረግሁ፣ ነገ ሁሉም ሁለት ሁለት ይዞ ይመጣል። አዋላጇንም አላስገባሁም። አንዷን ይምረጡና አንዷን ልሰርዝ።»

እንግዲህ ሁለቱ እናቶች ግራና ቀኙ ቆመዋል። ምረጥ ተባለ። ከበሮ መቺው እንኳ እጁን ከከበሮው ላይ አንስቷል። የሣህሉ ላብ ከሊቀመንበሩ ላብ በለጠ።

«እኔን ሰርዙ» አለች አስካለማርያም። «ቀድሞውንም የመጣሁት ከበሮ ለመስማት ነው።»

«አይሆንም» አለች ፋርቱን። ጠረጴዛው ፊት ጮክ ብላ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። «ወላሂ አይሆንም። አስካለ፣ አንቺ ወለድሽው። በወለደችው ቦታ ላይ እኔ አልቀመጥም፣ ለዓይንም ብዬ አልቀመጥም። አንተ ሊቀመንበር፣ ስሜን አጥፋ። ማዘንጊያ፣ ነይ ምሪኝ፣ ፍየሎቹ ተርበዋል።»

እጄን ይዛ ዞረች። ሣህሉ «ሆዮ፣ ሆዮ» እያለ ቢከተላት አልቆመችም። እኔም ምን ላድርግ፣ እንባዬን በነጠላዬ እየጠረግሁ መራኋት። ጓድ ሀብተ ማርያም አንገቱን ደፍቶ ለድሪዬ በእጁ ምልክት ሰጠው፤ ቀጥል ማለቱ ነው። ድሪዬም ሕዝቡ እንዲሰማው ከመዝገብ ቤት ድምፁ ወጣና በሙሉ ጉሮሮው፣

«ቀጣ-ይ!» ብሎ ጮኸ።

ፋርቱን ቆመች። እኔ ወደፊት፣ እሷ ባለችበት፤ ክንዴ ሊነቀል ምንም አልቀረው።

«ማነው እሱ?»

«የመዝገብ ቤቱ ልጅ ነው። ነይ ይልቅ።»

«ገዲ ነው» አለች። «ለገሃር ላይ ባቡሩ ሲነሳ በሩን እየደበደበ የሚጣራው ገዲ። ግን ገዲ ሞቷል።» ይህን ብላ እኔን ትታኝ፣ እጇን ወደፊት ዘርግታ፣ ብቻዋን ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። «ዋሪያ፣ አንተ የጮህከው፣ የገዲ ልጅ ነህ?»

ድሪዬ ብድግ አለ። «አባቴን ታውቂዋለሽ?»

«ዋራቤ» አለችው።

ዋራቤ በሱማልኛ ጅብ ነው። ድሪዬ ማን ሰማኝ ብሎ ዙሪያውን ተገላመጠ። በኋላ እንደነገረን በዚህ ስም የምትጠራው አይሻ ያለችው አክስቱ ብቻ ናት፤ እሷም ሰው ሳይኖር ነው። የማዘጋጃ ቤት ሰው እንዳይሰማበት ዕድሜውን ሙሉ ተጠንቅቋል። አሁን ከነከበሮ መቺው ሁሉም ሰማ።

«ቃሊ ወልዳህ በሳምንቷ ሞተች» አለችው ፋርቱን። ቃሊ እናቱ ናት። «አባትህ በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠህ። ሣህሉ ገና ጡት አልጣለም። እሱ በቀኝ፣ አንተ በግራ። ከዚያ በቀኝም በግራም አንተ። አክስትህ ወደ አይሻ እስክትወስድህ ድረስ። ገዲም ሞተ፤ ከዚያ በኋላ ባቡር በመጣ ቁጥር ስጠይቅ ኖርኩ፣ የሚነግረኝ አጣሁ።»

ጓድ ሀብተ ማርያም ብዕሩን እንደያዘ አንዴ እሷን፣ አንዴ ድሪዬን አየ። ቀስ ብሎ፣ «እናቴ፣ ለዚህ... ምስክር ይኖርዎታል?» አላት።

«እኔ አለሁ» አለች አስካለማርያም።

ከጋሪው ላይ እንዴት እንደወረደች አላየሁም፤ ጠረጴዛው ጋ ደርሳ ድሪዬን አገጩን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው። «ያ ጅብ አንተ ነህ እንዴ? የልጄን ድርሻ እየጠባህ ሌሊቱን ሙሉ እሱን ስታስለቅስብኝ የነበርከው? አልጋ ላይ ተኝቼ በዚህ ዓይኔ ነው ያየሁህ።» ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረች። ነገር ስታገኝ አስካለማርያምን የሚያህል የለም። «ይኸው ስሙ። የሌላ አፍ አላሳክምም ያለው ይሄ ነው አሉ። አቦ፣ ያኔ ከሌላ ሰው አፍ ስትሻማ በስንት አፍ ነበር የምትጠባው?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት በጽሑፍ ላመጣው አልችልም። ኪነቱ ማንም ሳያዘው ከበሮውን አነሳ። ባልዲ ይዘው የመጡት ባልዲያቸውን መቱ። ድሪዬ ግን ቆሞ ቀረ። የሰው ሁሉ ሳቅ እላዩ ላይ እየዘነበ የሰማው አይመስልም። ቀስ ብሎ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና ፋርቱን ፊት በርከክ አለ፤ ያንን የተተኮሰ ሱሪ አፈር ላይ።

«አክስቴ አንዲት ሴት አጥብታሃለች ትለኝ ነበር» አለ። «ሞታለች ብላኝ ነበር።»

ፋርቱን በመዳፏ ራሱን፣ ግንባሩን፣ ጆሮውን ዳበሰች። ከረባቱ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ይሄ ምንድን ነው? ማን ነው ያሰረህ?»

ያኔ እሱም ሳቀ። እያለቀሰ ነው የሳቀው።

እስላሙም ክርስቲያኑም ያውቀዋል፤ ያጠባች እናት ናት። ድሪዬ ተነስቶ ሱሪውን ሳያራግፍ የራሱን ካርድ ከመሳቢያው አወጣ። ከስሙ በታች ባለው ነጭ ላይ፣ በዚያ በሚኮራበት የእጅ ጽሕፈቱ፣ «እናት፦ ፋርቱን» ብሎ ጻፈና ለሊቀመንበሩ አቀበለው።

ጓድ ሀብተ ማርያም ካርዱን አገላብጦ አየው። «አንድ ካርድ፣ አንድ እናት» አለ። «ደንቡ ሌላ ምንም አይልም።» ፈረመ። ማኅተሙን ሲመታው ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። ሰውዬው ከደስታው ብዛት ነው፤ እስከ ዛሬ ከደስታ ማኅተም የመታ አይመስለኝም።

ጭማሪውን በምን እንካፈለው የሚለው ነገር የዚያኑ ዕለት እዚያው ዛፍ ሥር ለድምፅ ቀረበ። መጀመሪያ የተነሳው ድሪዬ ነበር። «ጭማሪው እንደ ደመወዙ ይሁን፤ የቤተሰብ ቁጥር አይታይ» አለ።

«ጓድ ድሪዬ፣ በቤተሰብ ቁጥር ይሁን ያሉት እርስዎ አልነበሩም?» አለው ሊቀመንበሩ።

«እስከ ዛሬ ጧት ድረስ ነበር» አለ ድሪዬ። «ጧት ላጤ ነበርኩ።»

ላጤዎቹ አጉረመረሙ። ግን መሪያቸው ከድቶ፣ ደግሞም እያንዳንዳቸው ሳያውቁት የማን ጡት ጠብተው እንደነበር ማን ያውቃል? አንዱ ዙሪያውን እያየ እጁን አወጣ፣ ሌላውም ተከተለ። እንደ ደመወዙ የሚለው አለፈ። መሥሪያ ቤቱም ከጭማሪው የተወሰነውን እንዲሸከም ጥያቄ ይቅረብ ተባለ፤ ከብዙ ስብሰባ በኋላ ጥቂቷን ተሸከመ አሉ። አዋላጇ ሳትመዘገብ ብትቀርም ሳምቡሳዋን በልታ ደስ ብሏት ነው የሄደችው።

ሐኪሙ በባቡር በመጣ ጊዜ ደግሞ ሌላ ጠብ ሆነ። ሣህሉ፣ «ሆዮን ሆስፒታል የምወስዳት እኔ ነኝ፣ መኪናዬም ተዘጋጅታለች» አለ። ድሪዬ፣ «ካርዱ የኔ ነው፤ ታክሲ ይዣለሁ» አለ። አስካለማርያም፣ «ልክ እንደ ድሮው ነው፤ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ያዟት» ብላ ገላገለቻቸው። በእግር ነው የሄዱት። ታክሲው ባዶውን ከኋላ ተከተለ፤ እኔ ገባሁበት።

ፋሻው የተፈታ ዕለት ሁላችንም አልጋዋ ዙሪያ ተኮልኩለን ነበር፤ ነርሷ ብታባርረንም በሌላ በር ተመልሰን ገባን። ሐኪሙ የመጨረሻዋን ጨርቅ አነሳ። ፋርቱን ዓይኗን አርገበገበችው። ብርሃኑ በዛባት። እንባ ወረደ። ከዚያ እንደገና ከፈተችው።

ሣህሉን አየች። «አረጀህ» አለችው። ድሪዬን አየች፣ ብዙ ጊዜ አየችው። «ገዲ ትመስላለህ። ግን ከሳህ። ሚስት የለህም? እንዴት ሚስት የለህም?» አስካለማርያም ነገሩን እንደያዘችው፣ ፍለጋ እንደጀመረችም፣ ካርዱ ላይ ገና ቦታ እንዳለ ነገረቻት። ድሪዬ ከረባቱን ማላላት ጀመረ።

በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች። ስንት ዘመን በድምፄ ብቻ የምታውቀኝ፣ እጇን ይዤ የመራኋት እኔ ወደሷ ጎንበስ አልኩ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ማዘንጊያ አንቺ ነሽ?» አለች። «በድምፅሽ ልጅ ትመስይኝ ነበር እኮ።»

የከተማው ሠራተኛ ሁሉ ከደመወዙ ያዋጣው እንግዲህ ይህን እንድትነግረኝ ነው። ሣህሉ እየሳቀ ክንዱን ሊሰጣት ቢዘረጋ ገፋችው፤ ድሪዬንም ገፋችው። ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ፣ ከሁላችንም ቀድማ፣ ፍየሎቼን ማን አለበልኝ እያለች በሩን ራሷ ከፍታ ወጣች።